ሥቃይና አልቃሹ፤ ስለ ጭካኔ ፊልምና ስለ ተመልካቹ

ቀራንዮ የሚለው ቃል ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል ማለት ነው። በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ሰው የተሰቀለበት፣ ደም የፈሰሰበት፣ ሕዝብም ቆሞ የተመለከተበት ሥፍራ ስም ነው። ይኸው ስም ዛሬ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ የሰፈር ስም ሆኖ ይኖራል፤ የታክሲ ረዳት ከጧት እስከ ማታ ይጣራበታል፤ ተማሪም አድራሻው አድርጎ በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጽፈዋል። ሲሰማው የሚደነግጥ የለም። የሞት ቅጣት የተፈጸመበት ቦታ ስም ለአፍ እንዲህ የለሰለሰው ሕዝቡ ሥቃዩን ረስቶት ነው እንዳይባል፣ በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት ሲነበብ ያዳምጣል፤ በስቅለት ዕለትም ሲሰግድ ይውላል። ምክንያቱ ሌላ ይመስለናል። ይህ ሕዝብ ያንን ሥቃይ የተቀበለው ከነአልቃሹ ነው። ከመስቀሉ ሥር እናት ቆማለች፤ ወዳጅም ቆሟል።

ይህን ለመግቢያ ያህል ያነሣነው ከአንድ የዘመናችን የጥበብ ክርክር ጋር ስለሚገናኝ ነው። ከገበያ ይልቅ ለጥበብ ሲሉ ፊልም የሚሠሩ አንዳንድ አዘጋጆች ተመልካቹን ሆን ብለው ለማወክ ግድያውን፣ ግርፋቱን፣ መድፈሩን ሳይሸፍኑ ያሳያሉ። ተመልካቹም አንዳንድ ጊዜ ዓይኑን ይሸፍናል፤ አንዳንድ ጊዜ ይጮኻል፤ አንዳንድ ጊዜም ተነሥቶ ይወጣል። በዚህን ጊዜ ሁለት ወገን ይነሣል። አንደኛው ወገን «ጥሎ የወጣው ተመልካች ጥበብ ያልገባው ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ይህን የሠራው አዘጋጅ ግብረ ገብ የጎደለው ነው» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ናቸው። የተመልካቹ መታወክ ራሱ እንደ ጽሑፍ ሊነበብ የሚገባው ነገር ነው፤ በቅጡ ከተነበበም ስለ ፊልሙ ብዙ ይናገራል።

አስቀድመን አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እናርም። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ጨዋ ስለ ሆነ ጭካኔን በሥዕል ማየት አልለመደም የሚሉ አሉ። ይህን የሚል ሰው የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ በቅጡ አልተመለከተም። በዚያ ግድግዳ ላይ ሰማዕታት ይገረፋሉ፣ በእሳት ይቃጠላሉ፣ አንገታቸው በሰይፍ ይቀላል፤ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት በእናቶቻቸው ፊት ይታረዳሉ። ደሙም በቀይ ቀለም ሳይሰሰትለት ተሥሏል። ይሁን እንጂ የጥንቱ ሠዓሊ ተመልካቹን ያለ መሪ አልተወውም። ደጋጎቹን ፊታቸውን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይን ይሥላቸዋል፤ ክፉዎቹን ግን በጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ተመልካች እንኳ ከማን ጋር መቆም እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። በስቅለቱ ሥዕል ላይ ማርያምና ዮሐንስ በግራና በቀኝ ቆመው ያዝናሉ፤ መላእክት ደሙን በጽዋ ይቀበላሉ፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታች በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል። በዚህ አኳኋን ከሥዕሉ ውጭ ለቆመው ሰው በሥዕሉ ውስጥ ቦታ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው።

በለቅሶ ሥርዓታችንም ይህንኑ እናያለን። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ሙያውን፣ ለወገን ያደረገውን እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ያለቅሳል። ሬሳው የአንድ ሰው ሬሳ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ አልቃሽ ስንል ዕንባ የሚያፈስ ሰው ብቻ ማለታችን አይደለም። አልቃሽ ማለት ሟቹ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ፣ በሞቱም አንዳች ነገር የሚጎድልበት ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም አስበውበታል። አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ ፍርሃትና ርኅራኄ ለዓይን ከሚቀርበው ትርኢት ሊመነጩ እንደሚችሉ አምኖ፣ ከታሪኩ አሠካክ ሲመነጩ ግን የሚሻል መሆኑን ያስረዳል። ሮማዊው ሆራስም ሜዲያ ልጆቿን በሕዝብ ፊት አትረድ ብሏል። በግሪክ ቴአትር ግድያው ብዙውን ጊዜ ከመድረክ ውጭ ይፈጸምና መልእክተኛ መጥቶ ይተርከዋል። መልእክተኛው ያየውን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከመድረኩ የቆሙት መዘምራንም ያዝናሉ። እዚያም አልቃሽ አልጠፋም።

ወደ ሲኒማ እንመለስ። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ዘመን ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ብዙዎች ይህን ስም የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ይስቁበታል። ነገር ግን የሌለ ሰው ያለ መስሎ ሲንቀሳቀስ ማየት አስደንጋጭ መሆኑን ይህ ስም በትክክል መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ለምዷል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ፣ ከመሐል ከተማው ሲኒማ ቤቶች ለራቁ እንደ ቀራንዮ ላሉ ሰፈሮች ወጣቶች ፊልም ማለት በጥቂት ሳንቲም በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የሚታየው የአሜሪካና የሆንግ ኮንግ የድብድብ ፊልም ሆኖ ነበር። በእነዚያ ፊልሞች በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ቢረግፍ ወጣቱ ያጨበጭባል እንጂ አይታወክም።

ታዲያ ለመቶ ሰው ሞት ያጨበጨበው ተመልካች በሌላ ፊልም የአንድ ሰው ሞት ሲያይ ለምን ፊቱን ያዞራል? ይህ ተቃርኖ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የመቶዎቹ ስም አይታወቅም፤ እናት የላቸውም፤ ማታ ቤት የሚጠብቃቸው የለም። ስለዚህ ሞታቸው ክብደት የለውም። ተመልካች ዓይኑን የሚሸፍነው ሞቱ ሞት በሆነበት ፊልም ነው። እንዲህ ከሆነ የተሸፈነ ዓይን የፊልሙ ውድቀት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ አዘጋጁ ሊያገኝ ከሚችለው ምስክርነት ሁሉ የበለጠው ነው። ሊያሳስበን የሚገባው የሚያጨበጭበው እጅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሆን ብለው የሚተነኩሱትን ፊልሞች እንይ። ኢጣሊያዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራው «ሳሎ» በተባለው ፊልም፣ ባለ ሥልጣኖች በምርኮ ያገቧቸውን ወጣቶች በመጨረሻ ሲያሠቃዩ፣ ተራ በተራ በመስኮት ተቀምጠው ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ይመለከታሉ። ካሜራውም በዚያው መነጽር ያያል። በዚህ ፊልም አልቃሽ የለም፤ ተመልካቹ የተቀመጠው በገራፊው ወንበር ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ሚካኤል ሃኔከ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፈኒ ጌምስ» በተባለው ሥራው፣ አንድ ቤተ ሰብ በሁለት ወጣቶች እጅ ሲያልቅ ያሳያል። ግድያው ብዙውን ጊዜ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ሲፈጸም ድምፁ ብቻ ይሰማል። ከገዳዮቹ አንዱ ግን ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ ያናግረዋል። እናቲቱ መሣሪያ አንሥታ አንዱን ገዳይ ስትጥል፣ ባልንጀራው የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ፈልጎ ፊልሙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሃኔከ ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ይህ ፊልም አያስፈልገውም፣ ተቀምጦ የሚጨርሰው ሰው ግን ያስፈልገዋል የሚል አሳብ ሰጥቷል። ይህ አባባል ከቀልድ በላይ ነው፤ ጥሎ መውጣትን እንደ አንድ ትክክለኛ መልስ ይቀበላልና።

ሦስተኛው ምሳሌ ጋስፓር ኖኤ እ.ኤ.አ. በ2002 በካን የፊልም በዓል ያሳየው «ኢሬቨርሲብል» ነው። በዚያ ምሽት ብዙ ሰዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ሕክምና ያስፈለጋቸውም ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ከመሬት በታች ባለ መተላለፊያ ስትደፈር ካሜራው ሳይነቃነቅ ብዙ ደቂቃ ይመለከታል። ነገር ግን በዚያ ትርኢት ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በመተላለፊያው ጫፍ አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ የሚፈጸመውን ያያል፤ ከዚያም ተመልሶ ይሄዳል። ያ ሰው አልቃሽ ሊሆን ይችል ነበር፤ አልሆነም። አዳራሹን ጥሎ የሚወጣው ተመልካች ከዚያ ሰው ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል? መልሱ ቀላል አይደለም። መንገደኛው ቢቆም ኖሮ ሴቲቱን ሊያድናት ይችል ይሆናል፤ ተመልካቹ ቢቆይ ግን የሚያድነው ሰው የለም። ስለዚህ ተመልካቹን በመንገደኛው ኃጢአት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አዘጋጁም ቢሆን ሸሽቶ የሚሄደውን ምስክር በፊልሙ ውስጥ በማስገባቱ የአልቃሹን መጥፋት አውቆ እንዳደረገው አሳይቷል፤ ይህን ሳያዩ ሥራውን በጅምላ ማውገዝም ትክክል አይሆንም።

እንግዲህ እነዚህ ሦስት አዘጋጆች አልቃሹን ከፊልሙ ያወጡት ቦታውን ለተመልካቹ ለመተው ነው ብለን እንውሰድ። ይህ መንገድ የሚሠራው ተመልካቹ ጭካኔን ከሩቅ ለሚያውቅ ሰው፣ በሰላም ለኖረ ሰው ነው። የተመቸውን ሰው ከምቾቱ ለማናወጥ የተሠራ ነው። ጭካኔውን በራሱ ደጃፍ ላይ ያየ ሕዝብ በአዳራሹ ሲቀመጥስ?

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ መቀጣጫ ይሆን ዘንድ ተጥሎ ይታይ ነበር። ወላጅ የልጁን ሬሳ እያየ እንዳያለቅስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። የዚያን ዘመን ጭካኔ ከሌላው የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ መግደል ብቻ አልበቃውም፣ አልቃሹንም ከለከለ። ሬሳን ያለ አልቃሽ ለዕይታ ማቅረብ የገዳዩ ጥበብ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ አቀራረብ በነጭ መጋረጃ ላይ ሲያይ የሚሰማው ነገር በካን አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው ስሜት ይለያል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ የተወጋውን ሰው ቁስሉን እያሳዩ ንቃ ማለት ምን ይረባል?

ኃይሌ ገሪማ ይህን የተረዳ አዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል በቀረበው «ሳንኮፋ» ስለ ባሪያ ንግድ ሲናገር ጅራፉን አልሸፈነም። አንዲት ነፍሰ ጡር ባሪያ በግርፋት ስትሞት እናያለን። ነገር ግን ኑኑ የምትባለው ሴት በቦታው አለች፤ ሕፃኑን ከሟቿ ማሕፀን ታወጣዋለች። ግርፋቱ የሚታየው በግራፊው ዓይን ሳይሆን በእነዚህ በቆሙት ሰዎች ዓይን ነው። የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ፊልሙን አንቀበልም ባሉ ጊዜ ኃይሌ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ለጥቁሮች ሕዝብ አሳየው፤ ሕዝቡም አዳራሹን ሞላው። አከፋፋዮቹ ሰው አያየውም ያሉትን ጭካኔ የሟቾቹ የልጅ ልጆች ተሰልፈው ገቡና አዩት። ለእነርሱ ትርኢት አልነበረም፤ ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ነበር።

«ጤዛ» የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባን አይቶ፣ በመጨረሻም አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። የጓደኛው የተስፋዬ አሟሟት፣ በጀርመን የዘር ጥላቻ ያደረሰበት አደጋ፣ እነዚህ ሁሉ በቅደም ተከተል አይነገሩንም፤ እንደ ቅዠት እየተቆራረጡ በእርሱ ትዝታ ውስጥ ይመጣሉ። ጭካኔውን የምናየው ከእርሱ በኋላ መኖር ያቃተው ሰው ሲያስታውሰው ነው። በዚህ ላይ እናቱ አለች። ልጇ ምን እንደ ሆነ ጠይቃ የማትጨርስ፣ ነገር ግን ሌሊት ሲቃዥ የምትሰማ እናት ናት። በዚያው ጊዜ የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። ኃይሌ ደሙን ከብዙ አዘጋጆች ባላነሰ አሳይቷል፤ ነገር ግን አንድም ጠብታ ያለ ባለቤት አልፈሰሰም። ይህ ፊልም ኢትዮጵያዊውን ተመልካች ቢያስለቅሰው የሚያስለቅሰው በተከለከለው ለቅሶ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ያስነሣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ስሙ ራሱ ሁለት ስለት አለው፤ ደፋርነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በእውነት ከተፈጸመ ነገር የተነሣ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋንም ገደለች፤ በሕግ ጠበቃዋ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥረት ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ነጻ የሚሆንበት በር ነበረው፤ ይህ በር የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ክብደቱን የጣለው ከጥቃቱ ትርኢት ይልቅ ከዚያ በኋላ ባለው ምርመራና ችሎት ላይ ስለ ነበረ፣ እኛ እስከ አሁን ባስቀመጥነው መመዘኛ ቢለካ ያልፋል፤ አልቃሽ አለው፤ ተሟጋችም አለው።

ነገር ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤቱታውን ያቀረበችው ፊልሙ የተመሠረተበት ታሪክ ባለቤት ራሷ ነበረች። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። በክርክሩ ማን እውነት እንዳለው መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለሐያሲ ግን ትምህርት አለው። እስከ አሁን የተናገርነው በፊልሙ ውስጥ ስላለው አልቃሽ ነበር፤ ከፊልሙ ውጭስ? በውጭ አገር አዳራሾች ሺህ ሰዎች በእጃቸው እያጨበጨቡ የሸለሙት ሥቃይ እዚህ አገር ባለቤት አለው፤ ባለቤቷም በሕይወት አለች። ተመልካች ተነሥቶ ሲወጣ አንድ ዓይነት ፍርድ እንደ ሰጠ ሁሉ፣ ባለ ኀዘኗ በችሎት ቆማ ስትናገር ከሁሉም የቀደመ ፍርድ ሰጥታለች። «ነግ በኔ» የሚል ሰው ይህን አይንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። አልቃሽ ያለበት ፊልም ሁሉ መልካም ከሆነ፣ ተመልካቹን በዕንባ አርሶ የሚሰዱት ተራ የፍቅርና የመከራ ፊልሞቻችን ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ሊሆኑ ነውን? አይሆኑም። ዕንባም ሊረክስ ይችላል። ሰው አልቅሶ ከአዳራሽ ሲወጣ ዕዳውን የከፈለ የሚመስለው ጊዜ አለ፤ እንደዚህ ያለው ለቅሶ ፊትን ታጥቦ እንደ መውጣት ነው። አልቃሽ ያልነው በሞቱ የሚጎድልበትን ሰው መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ተመልካቹን ካስለቀሰው በኋላ አንዳችም ነገር የማያጎድልበት ፊልም፣ አልቃሽ ሳይሆን ለቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው ያሳየው። በዚህ ረገድ ሃኔከና ኖኤ ከብዙ ዕንባ አፍሳሽ ፊልሞች የተሻሉ ናቸው፤ ተመልካቹን ከነዕዳው ይሸኙታልና።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፈረንሳዊው ሐያሲ ዣክ ሪቬት ስለ ናዚዎች እስር ቤት የተሠራውን «ካፖ» የተባለውን ፊልም የነቀፈው በአንድ ነገር ነበር። አንዲት እስረኛ ራሷን በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ጥላ ስትሞት፣ ካሜራው ወደ ፊት ተጠግቶ ሬሳዋን አሳምሮ በመጋረጃው ላይ ያስቀምጠዋል። የሪቬት ቁጣ ሞቱ በመታየቱ ሳይሆን በማማሩ ላይ ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ቆጥሮታል። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ የጥንቱ ሠዓሊያችን ክፉውን ሰው በአንድ ዓይን ሲሥለው ያደረገውም ይኸው ነበር። ከየት ቆሞ ማየት የጥበብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የፍርድም ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ፊልም እንዲታይ ወይም እንዳይታይ የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ሹማምንት የደሙን መጠን ብቻ እየሰፈሩ ባይፈርዱ መልካም ነው። ደም የሌለበት ሆኖ በሰው ሥቃይ የሚያስቅ ፊልም አለ፤ ደም የሞላበት ሆኖ ሰውን የሚያከብርም አለ። ለተማሪዎቻቸው እንዲህ ያለ ፊልም የሚያሳዩ መምህራንም ምን እንደሚያዩ አስቀድመው ቢነግሯቸው፣ መውጣት ለሚሻ በሩን ክፍት ቢያደርጉለት፣ የወጣውንም ተማሪ ፈሪ ሳይሉ ለምን እንደ ወጣ ቢጠይቁት፣ ከተቀመጠው ይልቅ ከእርሱ ብዙ ሊማሩ ይችላሉ። ከቤተ ሰቡ የቀይ ሽብርን ወይም የቅርቡን ጊዜ ጦርነት ኀዘን ይዞ የመጣ ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ መኖሩን አይርሱ።

ፊልም ሊሠሩ የሚያስቡ ወጣቶቻችን ደግሞ የሚያስቡት ብዙ አላቸው። ይህች አገር በቅርብ ዓመታትም ያየችው ሞት ጥቂት አይደለም፤ አንድ ቀን ያንን በፊልም የሚያሳይ ሰው መነሣቱ አይቀርም፤ መነሣትም አለበት። ያ ሰው ካሜራውን ከመትከሉ በፊት ሟቹ ማን እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ በሕይወት ያለችውን ባለ ኀዘን ፈልጎ ያነጋግራት፤ ከዚያ በኋላ ይሸፍነው ወይም ይግለጠው። ተመልካቹ ዓይኑን ቢሸፍን አይከፋው። የሸፈነው ዓይን ያየው ነገር አለና።